ኢንጀክተሩ ይጠረግ፣ ጫፉ ይቀየር ወይስ ሙሉው ይገዛ? የናፍጣ ሞተር ላላቸው የምርጫ መመሪያ

ከቃሊቲ ወደ ገላንና ዱከም፣ ከቡራዩ ወደ ሆለታ፣ ከለገጣፎ ወደ ሰንዳፋ በሚወስዱት መንገዶች ግራና ቀኝ ያለው ሥራ አብዛኛው በናፍጣ ይንቀሳቀሳል። የካባው ክሬሸር፣ ከአቃቂ ወንዝ እየሳበ ጎመንና ቆስጣ የሚያጠጣው ፓምፕ፣ መብራት ሲሄድ የዶሮ እርባታውን የሚታደገው ጄኔሬተር፣ ወፍጮው፣ አሸዋ የሚያመላልሰው አይሱዙ። ከእነዚህ አንዱ ጥቁር ጭስ ከለቀቀ፣ ካንኳኳ ወይም ጠዋት አልነሳም ካለ በዙሪያው የቆመው ሰው ሁሉ ፍርዱ አንድ ነው፦ «ኖዝሉ ነው!»

ብዙ ጊዜ ልክ ናቸው። ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አንዱ «መድኃኒት ጨምርበት፣ ይጠርገዋል» ይላል። ሌላው «ሶማሌ ተራ ያገለገለ ሞልቷል» ይላል። ሦስተኛው «ጫፉን ብቻ ቀይረው» ይላል። ባለ ሱቁ ደግሞ ሙሉ አዲስ ካልሆነ በጄ አይልም። ሁሉም በየቦታው እውነት አለው፤ ግን ለአንዱ ሞተር የሚያዋጣው ለሌላው ኪሳራ ነው። አቋሜን ከወዲሁ ላስቀምጥ፦ ለአሮጌው ሜካኒካል ሞተር አዲስ ጫፍ አስገብቶ በመሞከሪያ ማስተካከልን የሚያህል ምርጫ የለም። በኮምፒውተር ለሚታዘዘው ኮመን ሬል ሞተር ግን ታሪኩ የማይታወቅ ያገለገለ ኢንጀክተር ከመግዛት ገንዘብ እስኪሞላ መኪናውን ማቆም ይሻላል።

በጋራዥ ሙሉውን ዕቃም ጫፉን ብቻም «ኖዝል» ማለት የተለመደ ስለሆነ፣ ግራ እንዳይገባን እዚህ ናፍጣውን ወደ ሲሊንደሩ የሚረጨውን ሙሉ ዕቃ ኢንጀክተር፣ ከሥሩ የሚፈታውን መርጫ ደግሞ ጫፍ እላለሁ። በስልክ ስታዝዙም እንዲሁ ለዩት።

ሁለት ዓይነት ሞተር፣ ሁለት ዓይነት ሒሳብ

በአሮጌው አሠራር ፖምፓው ለእያንዳንዱ ሲሊንደር በየተራው ናፍጣ ይገፋል። ኢንጀክተሩ ውስጥ ያለች መርፌ በሞላ (በስፕሪንግ) ተጭና መውጫውን ዘግታለች። የናፍጣው ግፊት ሞላውን ሲያሸንፍ መርፌዋ ብድግ ትላለች፣ ናፍጣው ደቅቆ ይረጫል፣ ግፊቱ ሲወርድ ወዲያው ትዘጋለች። ኮምፒውተር የለ፣ ሽቦ የለ። ቦሽ እንዲህ ዓይነቱን ፖምፓ በብዛት ማምረት የጀመረው በ1927 እ.ኤ.አ. ነው፤ መሠረቱ ዛሬም ያው ነው። የቻይና ባለ አንድ ሲሊንደር ፓምፕና ወፍጮ፣ የድሮው አይሱዙ፣ ፋይቭ ኤል ሞተር ያለው ሚኒባስ፣ ዋን ኤች ዜድ ላንድክሩዘር ሁሉም እዚህ ወገን ናቸው። የመክፈቻ ግፊታቸው እንደ ሞተሩ ይለያያል። ናፍጣው መጀመሪያ በጎን ባለች ትንሽ ክፍል ውስጥ የሚቃጠልባቸው በአብዛኛው ከ100 እስከ 160 ባር ናቸው። በቀጥታ ፒስተኑ አናት ላይ የሚረጭባቸው ደግሞ ከ180 ባር ጀምረው 250 እና ከዚያ በላይ ይደርሳሉ። ትክክለኛው ቁጥር የሞተሩ መጽሐፍ ላይ አለ፤ ያለ እሱ የሚደረግ ማስተካከል ግምት ነው።

ኮመን ሬል ሌላ ዓለም ነው። አንድ ፖምፓ የጋራ ቱቦ ውስጥ ናፍጣውን ከ1000 ባር በላይ፣ በአዳዲሶቹ እስከ 2000 ባር ድረስ አጭቆ ያስቀምጣል፤ ኢንጀክተሩን የሚከፍተው ኮምፒውተሩ ነው። ዋን ኬዲና ቱ ኬዲ ሃይሉክስ፣ አዳዲሶቹ አይሱዙዎችና ሲኖትራኮች ከዚህ ወገን ናቸው።

ለመለየት መካኒክ መጥራት አያስፈልግም። የኢንጀክተሩ ራስ ላይ የኤሌክትሪክ ሶኬት ካለ አብዛኛውን ጊዜ ኮመን ሬል ነው። ከፖምፓው በቀጥታ የመጣ የብረት ቱቦና ቀጭን የመመለሻ ቱቦ ብቻ ካለ ሜካኒካል ነው። ኢንጀክተሮቹ ከክዳን ሥር ከተደበቁ ቱቦዎቹ ሁሉ የሚነሱበትን ወፍራም የጋራ ቱቦ ፈልጉ።

ከመግዛት በፊት፦ በእርግጥ ኢንጀክተሩ ነው?

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆማለሁ፤ ምክንያቱም አብዛኛው ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ነው።

መጀመሪያ ጭሱ። ጥቁር ጭስ ማለት ከአየሩ ይልቅ ናፍጣው በዝቷል ማለት ነው። ናፍጣው የበዛው ኢንጀክተሩ ስለሚያንጠባጥብ ሊሆን ይችላል፤ አየሩ ያነሰውም ማጣሪያው በካባ አቧራ ስለታፈነ ሊሆን ይችላል። ከፍታውንም አትርሱ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት፤ ሱሉልታ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ተርቦ (አየር አጭቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለውና ፖምፓው ለቆላ የተስተካከለ ሞተር እንጦጦን ሲወጣ ጥቁር ቢያጨስ ኢንጀክተሩ ምንም ላይኖርበት ይችላል፤ የሚያስፈልገው የፖምፓው የናፍጣ መጠን ቀነስ ማለት ነው። እንግዲህ ያንኑ መኪና ዱከም ሜዳ ላይ ንዱት። እዚያ ጭሱ በግልጽ ከቀነሰ ከኢንጀክተሩ በፊት የአየር ማጣሪያውንና የፖምፓውን መጠን አስፈትሹ።

ነጭ ጭስ ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ጠዋት ላይ ለጥቂት ደቂቃ ታይቶ ሞተሩ ሲሞቅ ከጠፋ ካንዴሌታውን (ለመነሻ ሲሊንደሩን የሚያሞቀውን) ተመልከቱ። ሞተሩ ሞቆም ከቀጠለ ወይ አንድ ኢንጀክተር በቅጡ አይረጭም፣ ወይ ሲሊንደሩ መጭመቅ አቅቶታል፣ ወይ ውሃ እየገባ ነው። ሰማያዊ ጭስ ዘይት ነው፤ ስለ ኢንጀክተር አትጨነቁ፣ የፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ወይም የባልቮላ (ቫልቭ) ጉዳይ ነው።

ሁለተኛ ናፍጣው። ፊልትሮው ሥር ውሃ ካለ፣ ቱቦ ውስጥ አየር ከገባ፣ የታንከሩ መተንፈሻ በጭቃ ከተደፈነ ምልክቱ ሁሉ ኢንጀክተር ይመስላል። የፊልትሮውን ውሃ በግልጽ ጠርሙስ ቅዱና ለጥቂት ጊዜ አስቀምጡት፤ ውሃው ከሥር፣ ናፍጣው ከላይ ይለያያል። ፊልትሮ መቀየርና አየር ማስወጣት ከሁሉም ምርጫ ርካሽ ስለሆነ ያለ ክርክር ይቅደም።

ሦስተኛ፣ ለሜካኒካል ሞተር ብቻ፣ የማጥፋት ሙከራ። ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር እየሠራ ወደ አንዱ ኢንጀክተር የሚገባውን የብረት ቱቦ ዳዶ (ማሰሪያ ብሎን) በመፍቻ ትንሽ ላላ ያደርጉታል። ናፍጣው በዳዶው ጎን ስለሚፈስ ያ ሲሊንደር ይጠፋል። ሞተሩ ከተንገዳገደና ድምፁ ከወረደ ያ ሲሊንደር ይሠራ ነበር ማለት ነው፤ ዳዶውን አጥብቆ ወደሚቀጥለው መሄድ ነው። የተፈታ ጊዜ ሞተሩ ምንም ለውጥ ካላሳየ ጥፋተኛው ሲሊንደር እሱ ነው። ሲፈታ ማንኳኳቱ ወይም ጥቁር ጭሱ አብሮ ከቆመ ያ ኢንጀክተር እያንጠባጠበ ነው። ጨርቅ አልብሱት፣ ጓንትና መነጽር አድርጉ፣ የጋለው ማርሚታ (የጭስ ማውጫ) ላይ እንዳይፈስ ጠብቁ።

ይህን ሙከራ ኮመን ሬል ላይ ፈጽሞ እንዳትሞክሩት! በዚያ ግፊት የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ሥጋ ውስጥ ይገባል። ቁስሉ የመርፌ ጫፍ የነካው ይመስላል፣ ብዙም ላያም ይችላል፤ ውስጡ ግን ይበሰብሳል፣ ጣት እስከ ማስቆረጥም ያደርሳል። እንዲህ የሆነ ሰው ቅባት ተቀብቶ ቤቱ የሚሄድ ሳይሆን በዚያው ሰዓት ሆስፒታል የሚገባ፣ ናፍጣ መሆኑንም ለሐኪሙ የሚናገር ነው። ሜካኒካሉም ቢሆን ከጫፉ የሚረጨው ቆዳ ይበሳል፤ እጅ ከፊቱ አይደረግም።

አራተኛ፣ ማለዋወጥ። የተጠረጠረውን ኢንጀክተር ከጤነኛው ጋር ቦታ አቀያይሩ። ችግሩ አብሮት ከተዛወረ ኢንጀክተሩ ነው። እዚያው ሲሊንደር ላይ ከቀረ የመጭመቅ ወይም የፖምፓ ችግር ነው፤ ኢንጀክተር ላይ አንድ ሳንቲም አታውጡ። ባለ አንድ ሲሊንደር ፓምፕ ያለው ገበሬ የሚያለዋውጥበት ጎረቤት ሲሊንደር ስለሌለው አንድ አዲስ ጫፍ ተጠባባቂ ቢይዝ አይቆጨውም። ሞተሩ ሲያስቸግር እሱን አስገብቶ ያያል፤ መለዋወጫም መመርመሪያም ይሆነዋል።

አሁን ወደ ምርጫዎቹ

ታንከር ውስጥ የሚጨመር መድኃኒት። ጫፉ ላይ ቀለል ያለ ጥላሸት ካለና ችግሩ የጀመረው ገና በቅርቡ ከሆነ ሊረዳ ይችላል። ያለቀ መቀመጫ፣ የደከመ ሞላ፣ የተጫረ መርፌ ግን በፈሳሽ አይድንም። ስለዚህ አንዴ ሞክሩት፣ ለውጥ ከሌለ ሁለተኛ ጠርሙስ አትግዙ። በመድኃኒት ስም ናፍጣ ውስጥ ቤንዚን ወይም ላምባ መጨመርን ግን ተዉት። ሚኒባሱ ላይ ያለው ክብ ፖምፓም የኮመን ሬሉ ፖምፓም የሚለሰልሱት በራሱ በናፍጣው ነው። ቤንዚንና ላምባ ቅባትነታቸው አነስተኛ ስለሆነ ኢንጀክተር ለማዳን ብላችሁ ከእሱ የሚበልጠውን ፖምፓ ትበላላችሁ።

አስፈትቶ ማስጠረግና ማስተካከል። ይህ ከምርጫነት ይልቅ ፍርድ ቤት ነው። ኢንጀክተሩ በእጅ በሚገፋ መሞከሪያ ላይ ይታሰራል፣ የግፊት መለኪያው (ማኖሜትሩ) ስንት ባር ላይ እንደከፈተ ያሳያል፣ ርጭቱ በዓይን ይታያል። ሦስት ነገር ቆማችሁ ተመልከቱ። ግፊቱ መጽሐፉ ከሚለው ጋር ይገጥማል? ርጭቱ ደቃቅና ቀጥ ያለ ነው ወይስ ወደ አንድ ጎን ይወረወራል? ከመክፈቻው ግፊት ከ10 እስከ 20 ባር ዝቅ አድርገው ለ10 ሰከንድ ሲይዙት ጫፉ ደረቅ ይቆያል ወይስ ጠብታ ይቋጥራል? ጠብታ የሚቋጥር ጫፍ ተጠርጎም ያው ከሆነ የሚጣል ነው፤ ሌላ ድርድር የለውም።

አንድ ቦታ ይህን ሙከራ ፓምፑ የቆመበት አንድ አዛውንት አትክልተኛ አጠገብ ቆሜ አየሁት። መሞከሪያውን የያዘው ልጅ እጀታውን ሁለቴ ገፋና ቀና አለ። «ጋሼ፣ ይኸው ይዩት፤ ይሸናል እንጂ አይረጭም።» ከጫፉ የወጣው ጉም ሳይሆን እንደ ክር የቀጠነ ፈሳሽ ነበር። «ታዲያ ጠርገኸው አይደለም እንዴ ልጄ?» አሉት። ልጁ መርፌዋን በናፍጣ አጥቦ ወደ ሰውነቷ መለሳት፣ ጋደል አድርጎ እስከ ሲሶዋ ሳብ አደረጋትና ለቀቃት። ጤነኛ መርፌ በራሷ ክብደት ቀስ ብላ ተንሸራታ ትገባለች፤ ይህቺ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመች። ከዚያ በኋላ ሽማግሌውም አልተከራከሩም። ሙከራው ቀላል ነው፣ በየትኛውም ቤት እንዲያሳዩዋችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ።

መርፌዋና ሰውነቷ በፋብሪካ አንድ ላይ ተሞርደው የተጋቡ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት የሚለካው በማይክሮን፣ ማለትም በሚሊ ሜትር ሺኛ ነው። ስለዚህ አራቱን ጫፍ አንድ ጣሳ ናፍጣ ውስጥ ደባልቆ የሚያጥብ ቤት ካያችሁ ዕቃችሁን ይዛችሁ ውጡ፤ የአንዱ መርፌ ሌላው ውስጥ ከገባ ሁለቱም ተበላሹ። የብረት ብሩሽ ወይም ብርጭቆ ወረቀት ጫፉ ላይ የሚያሳርፍም እንዲሁ ነው። ለውጪው ጥላሸት የነሐስ ብሩሽ፣ ለመርፌዋ አፍ የእንጨት ስንጥር ይበቃል።

ጫፉን ብቻ አዲስ መቀየር። ለሜካኒካል ሞተር እኔ የምመርጠው ይህንን ነው። የኢንጀክተሩ ሰውነት ወፍራም ብረት ነው፣ በቀላሉ አያልቅም፤ የሚያልቀው ጫፉ ነው፣ የሚደክመው ሞላው ነው። ሁለቱን ቀይሮ፣ ግፊቱን ከሞላው ጋር በሚደረብ ቀጭን የብረት ቀለበት (ሺም) አስተካክሎ ሲያበቁ ሥራው ከሙሉ አዲስ የሚለየው በዋጋው እንጂ በርጭቱ አይደለም። ነገር ግን አንድ ግዴታ አለው፦ ጫፉ ከሱቅ ወጥቶ በቀጥታ ሞተሩ ላይ አይታሰርም። አዲስ ስለሆነ ብቻ ግፊቱ ልክ አይሆንም። ግፊቱ ዝቅ ካለ ኢንጀክተሩ ቀድሞ ይከፍትና ሞተሩ ያንኳኳል፤ ከፍ ካለ ዘግይቶ ይከፍትና ጉልበት ያጣል። እያንዳንዱ ሲሊንደር የተለያየ ከሆነ ደግሞ ሞተሩ ቆሞም ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ጫፍ የሚሸጥላችሁ ሰውና የሚያስተካክልላችሁ ሰው ቢለያዩም መሞከሪያ ሳይነካ ወደ ቤት አይሄድም።

የጫፉ ቁጥር ከአሮጌው ቁጥር ጋር አንድ መሆን አለበት። ቁጥሩ በጫፉ ሰውነት ላይ በጥቃቅን ፊደል ተቀርጿል፤ በናፍጣ አጥባችሁ በስልካችሁ ካሜራ አጉሉና አንብቡት። ሲያዩት መንታ የሚመስል ጫፍ የርጭቱ ማዕዘን ሌላ ሊሆን ይችላል። ኦርጅናልና ኮፒን በሚመለከት ለባለ አንድ ሲሊንደር ፓምፕ ደህና ኮፒ፣ መሞከሪያ ላይ ካለፈ፣ ይበቃል። በየቀኑ ሙሉ ጭነት ለሚጎትት አይሱዙ ግን ኦርጅናል ፈልጉ። የሚያንጠባጥብ ጫፍ ያለማቋረጥ በጭነት ሲሠራ የፒስተኑን አናት ያቀልጣል፤ ያኔ የምታወሩት ስለ ሙሉ የሞተር እድሳት ነው።

ያገለገለ ሙሉ ኢንጀክተር። መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ገብቶ የማይገኝ ዕቃ የለም። ለሜካኒካል ሞተር ያገለገለ ኢንጀክተር የሚያዋጣበት አንድ ሁኔታ አለ፦ ሰውነቱ ራሱ ከተሰበረ፣ ክሩ ከተበላ ወይም ሲወጣ ከተጎዳ። ያኔ ያገለገለውን ለሰውነቱ ብላችሁ ግዙ፣ ጫፉን እንደሌለ ቁጠሩት፣ አዲስ አስገቡበት። «ከሚሠራ ሞተር ላይ የወረደ ነው» የሚለው ቃል መሞከሪያ አይተካም። ሻጩ አስሞክሮ የማይረባ ከሆነ ሊመልስላችሁ ከተስማማ ግዙ፤ ካልተስማማ እሱ ራሱ ዕቃውን አያምነውም ማለት ነው።

ሙሉ አዲስ። ለሜካኒካል ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ከሚገባው በላይ ማውጣት ነው። ሰውነቱ ከጠፋና ያገለገለ ካልተገኘ፣ ወይም ሞተሩ ገና አዲስ ሆኖ ረጅም ዕድሜ ከሚጠበቅበት በስተቀር።

ኮመን ሬል ላይ ሚዛኑ ይገለበጣል

እዚህ ሰውነቱም አይረሳም፤ ውስጡ ያለው ትንሽ መቆጣጠሪያ ባልቮላ ከጫፉ እኩል ይበላል። በእጅ የሚገፋው መሞከሪያም አይበቃውም፤ በተለያየ ግፊት የሚረጨውንም ወደ ኋላ የሚመልሰውንም ናፍጣ የሚለካ ማሽን ያስፈልጋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ማን ይጠግነዋል?» ሳይሆን «ማን ይለካዋል?» ነው።

ቀድማችሁ የምታደርጉት ርካሽ ምርመራ የመመለሻ ሙከራ ነው። የመመለሻ ቱቦዎቹ ዝቅተኛ ግፊት ነው ያላቸው። እነሱን ነቅሎ ከየኢንጀክተሩ ወደየጠርሙሱ ማስገባት፣ ሞተሩን ለጥቂት ደቂቃ ማሠራትና ጠርሙሶቹን ጎን ለጎን ማየት ነው። ከሌሎቹ እጅግ የሞላው ጠርሙስ ያለበት ኢንጀክተር ውስጡ አልቋል። ጠዋት ረጅም ጊዜ ሞተሪኖ (የሞተር ማስነሻ) እየዞረ አልነሳ የሚል ሃይሉክስ ብዙ ጊዜ ሚስጥሩ እዚህ ይገኛል፦ አንዱ ኢንጀክተር ወደ ኋላ ስለሚያፈስ የጋራ ቱቦው ለመነሻ የሚሆን ግፊት አይሞላም። ባለሙያ ያድርገው፤ የከፍተኛ ግፊቱን ቱቦ ግን ሞተሩ እየሠራ ማንም አይንካ።

ምርጫው ሁለት ነው፦ የታደሰ ወይም አዲስ። የታደሰው ያዋጣል፣ ከነመለኪያ ወረቀቱ ከመጣ። ወረቀቱ ላይ በእያንዳንዱ ግፊት የረጨውና የመለሰው መጠን ከነተፈቀደው ልክ ተጽፎ መታየት አለበት። «ጠርገነዋል፣ ጥሩ ነው» ብቻ ከሆነ መልሱ ገንዘባችሁን ለአዲሱ አጠራቅሙ። ሌላው የሚረሳው ነገር በብዙዎቹ ኢንጀክተሮች ራስ ላይ የታተመው ኮድ ነው። ይህ ኮድ በስካነር ለኮምፒውተሩ ካልተነገረው በአሮጌው ልክ መርጨቱን ይቀጥላል፤ አዲስ ኢንጀክተር ገዝታችሁ ሞተሩ እየተንቀጠቀጠ ትመለሳላችሁ። ከመክፈላችሁ በፊት ኮዱን ማን እንደሚያስገባላችሁ ጠይቁ። ያገለገለን በተመለከተ ከላይ ያልኩትን አልደግምም።

ስንት ይቀየር?

አንዱ ብቻ ካለቀ የግድ አራቱንም? ሜካኒካል ላይ አራቱንም አስፈትሹ፣ የወደቀውን ብቻ ቀይሩ፣ አራቱንም ወደ አንድ ግፊት አስተካክሉ። ሦስቱ እድሜያቸው አንድ ከሆነና ለጥቂት ካለፉ ግን ጠቅላላውን መቀየር ይቀላል፤ ከሰንዳፋ ወይም ከሆለታ መኪናውን አቁማችሁ በየሁለት ወሩ ከተማ የምትመላለሱበት ጊዜ ራሱ ዋጋ አለው። ጉዞውን ለማሳጠር ሞተሩን ሳይሆን ኢንጀክተሮቹን ብቻ አስፈትታችሁ ላኩ። የየትኛው ሲሊንደር እንደሆኑ ምልክት አድርጉባቸው፣ ቱቦዎቹንና የሲሊንደሩን ቀዳዳ ንጹሕ በሆነ ፕላስቲክ ክደኑ። በካባ ዙሪያ ክፍት ቱቦ አንድ ቀን ካደረ አቧራው አዲሱን ጫፍ ሊያበላው ይችላል።

ሲመለስ የሚበላሸው

ጥሩ ተሠርቶ የመጣ ኢንጀክተር አገጣጠሙ ላይ ሲበላሽ ብዙ ጊዜ ሰበቡ ከሥሩ የሚገባው የመዳብ ሮንዴላ (ቀለበት) ነው። አሮጌው ሮንዴላ አንዴ ተጨፍልቋል፤ መልሶ አይዘጋም፣ ጋዝ በጎኑ «ጭ… ጭ» እያለ ይተነፍሳል፣ ኢንጀክተሩ ከነጥላሸቱ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ውስጥ ይጣበቃል። ሁሌም አዲስ ይግባ። ከዚያ የባሰው አሮጌው ጉድጓዱ ውስጥ ተለጥፎ ሳይታይ ቀርቶ አዲሱ በላዩ ሲደረብ ነው፤ ኢንጀክተሩ ከፍ ብሎ ይቀመጥና ርጭቱ ቦታውን ይስታል። በባትሪ መብራት ወደ ጉድጓዱ እዩ፣ አሮጌዎቹንም ቆጥራችሁ ተረከቡ። ማጥበቂያው በመጽሐፉ ልክ ይሁን፤ በረጅም ቱቦ እየተገፋ የጠበቀ ኢንጀክተር ሰውነቱ ይጣመምና መርፌዋ ትይዛለች።

ከዚያ አየር ማስወጣት። የፊልትሮውን የእጅ ፓምፕ ግፉ፣ አረፋ የሌለው ናፍጣ እስኪወጣ ድረስ። ሜካኒካል ከሆነ የኢንጀክተር ዳዶዎቹን ላላ አድርጋችሁ ሞተሪኖውን አጭር አጭር እያረፋችሁ አዙሩ፤ ናፍጣ ሲታይ አጥብቁ። ሞተሪኖውን ያለ እረፍት ማዞር ባትሪና ሞተሪኖ ይበላል።

ፊልትሮውን አዲስ ኢንጀክተር በገባበት ቀን ካልቀየራችሁት ገንዘቡን ለምን አወጣችሁት? ናፍጣውንም ከበርሜል የምትቀዱ ከሆነ በርሜሉ ካደረ በኋላ ቅዱ፣ የመቅጃው ቱቦ ወለሉን አይንካ፣ በወንፊትና በንጹሕ ጨርቅ ይለፍ። በክረምት ግማሽ ባዶ ታንከር ሌሊት ላይ በውስጡ እርጥበት ያጠራቅማል፤ ማታ ሞልታችሁ አሳድሩት። ጀሪካኑ ከዚህ በፊት ውሃ የተያዘበት ከሆነ ደግሞ ለዚህ ሥራ ሌላ ግዙ።